ስለ እንግሊዝኛ ረቂቃን ቃላትና ስለ ፈቺዎቻቸው

በዛሬ ዘመን መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው፣ ሕፃን ከሚናገረው ከ«እናት»ና ከ«ውሃ» ጀምሮ ሊቃውንት ብቻ እስከሚያውቁት ረቂቅ ስያሜ ድረስ፣ የቋንቋው ቃላት ሁሉ በየፊደላቸው ተራ ተሰልፈው እንደሚጠብቁት ያምናል፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የመጀመሪያው መዝገብ በ1604 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሲታተም፣ «እናት»ም «ውሃ»ም አልተጻፉበትም፤ የተጻፉበት ሕዝቡ በጆሮው እየሰማቸው በልቡ የማያስተውላቸው፣ ከዕብራይስጥ፣ ከጽርዕ፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡ ጽኑዓን ቃላት ብቻ ነበሩ። ይህንንም መጽሐፍ ያዘጋጀው በስሙ የታወቀ ሊቅ አልነበረም፤ ከደብሩ የተሻረ አንድ የገጠር ቄስ ነበረ። የእንግሊዝኛን ከባድ ቃል ከነፍቺው የማጥናት ልማድ ዛሬ በዓለም ሁሉ የተማሪ ዕዳ ሆኖ ሲታይ፣ መነሻው በስብከት ጊዜ ባዶውን ለሚመለስ ምእመን የታሰበ ርኅራኄ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነውና፣ ታሪኩን ከሥሩ መተረክ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ ወዲህ፣ ቤተ መንግሥቱና ዳኝነቱ በፈረንሳይኛ፣ ቅዳሴውና ትምህርቱ በላቲን ሲካሄድ፣ እንግሊዝኛ የባላገር ልሳን ሆኖ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ፤ በ1362 የወጣው ሕግ ሙግት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሰማ ቢያዝም፣ ያ ሕግ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበረ። ስለዚህ ቋንቋው ወደ ክብሩ በተመለሰ ጊዜ የእርሻን፣ የከብትንና የቤትን ስም ከአባቶቹ ጠብቆ ቢገኝም፣ የሕግንና የፍልስፍናን፣ የሕክምናንና የነገረ መለኮትን ስም ከባዕድ መበደር ግድ ሆነበት። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ አገሩ ካስገባ በኋላ፣ ይልቁንም በ1538 በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲቀመጥ ከታዘዘ በኋላ፣ እነዚህ የተበደሩ ቃላት ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥተው ወደ ሕዝቡ መካከል ወረዱ፤ ፈቺያቸው ግን አብሮአቸው አልወረደም።

በመጽሐፍ ላይ ፍቺ መጻፍ ቀድሞም የነበረ ሥራ ነው። በአሥረኛው ምእት ዓመት አልድሬድ የተባለ ካህን በሊንዲስፋርን ወንጌል ላይ፣ በላቲኑ መሥመሮች መካከል፣ በደቂቅ ጽሕፈት የእንግሊዝኛውን ፍቺ ቃል በቃል አስገብቶ ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም አባቶች የግዕዙን ቃል በአማርኛ እየፈቱ «ሰዋስው» በሚል ርእስ በብራና ላይ ሲያስተላልፉልን ኖረዋል፤ በቅኔ ቤትም ተማሪ ግሱን ሳያጠና ወደ ምሥጢሩ ሊገባ አይችልም። ነገር ግን የግዕዝ ተማሪ የሚያጠናው ልሳን ከአፍ መፍቻው የተለየ መሆኑን አስቀድሞ አውቆ፣ መምህር ፈልጎ፣ ጊዜ ሰጥቶ ይቀመጥለታል፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ገበሬ ግን የገዛ ቋንቋው ነው ተብሎ በሚሰበክለት ቃል ውስጥ ከመካከሉ አንዱን ሳይሰማ ሲቀር፣ አለማወቁን ለማን እንደሚያስረዳ እንኳ አያውቅም ነበር። እፍረቱ ከዚህ የተነሣ ጽኑ ነበረ።

ሊቃውንቱም በዚህ ነገር ተከፋፈሉ። ሰር ቶማስ ኤልዮት ስለ መሳፍንት አስተዳደግ ጽፎ በ1531 ለንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ባበረከተው መጽሐፍ፣ አዲስ የላቲን ቃል ባስገባ ቍጥር የታወቀውን የአገር ቃል አጠገቡ እያስቀመጠ፣ አንባቢው ሁለተኛ መጽሐፍ ሳይፈልግ እዚያው እንዲረዳ አደረገ፤ በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ለከባድ ቃል የተገኘ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ እምብዛም የለም። በካምብሪጅ የጽርዕ መምህር የነበረው ሰር ጆን ቺክ በበኩሉ ብድሩን ጨርሶ ጠላ፤ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም የባዕዱን ስያሜ ትቶ፣ የመቶ ወታደሮችን አዛዥ «መቶ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቍጥር፣ በጨረቃ የሚነሣበትን በሽተኛ ከጨረቃ ስም አውጥቶ ሰየመ። የእኛ «የመቶ አለቃ» በዚሁ መንገድ ተበጅቶ ጸንቶ ሲኖር፣ የቺክ ስያሜዎች ግን ከእጅ ጽሑፉ ሳይወጡ ቀሩ።

ተቃዋሚዎቹ ከላቲን የተሳቡትን ቃላት «የቀለም ቀንድ ቃላት» እያሉ ይነቅፉአቸው ነበር፤ የዚያ አገር ጸሐፊም እንደ እኛ ጸሐፍት ቀለሙን በከብት ቀንድ ይይዝ ነበርና፣ ከጸሐፊ ጠረጴዛ በቀር በሰው አፍ የማይገኝ ቃል ለማለት ነው። ቶማስ ዊልሰን በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ሹመት ለመለመን በእነዚህ ቃላት አጭቆ የጻፈውን ደብዳቤ አምሳያ አድርጎ ለመሳለቂያ አቅርቦአል። ያ ደብዳቤ ዛሬ ሲነበብ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው፤ «ካፓሲቲ»፣ «ዴክስቴሪቲ»፣ «ሴሌብሬት» የሚሉት በዚያ የተዘበተባቸው ቃላት ዛሬ ማንም ተማሪ ሳይጨነቅ የሚጽፋቸው ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የነበሩት «ኦብቴስቴት»ና «ኢንጀንት» ግን ያለ ወራሽ ጠፍተዋል። ከሊቃውንቱ ወገን ክርክሩን የረታ የለም፤ ሕዝቡ የሚያስፈልገውን አስቀርቶ የማያስፈልገውን ጣለ።

መዝገብ ያስፈልጋል የሚለውን አሳብ መምህሩ ሪቻርድ መልካስተር በ1582 በግልጥ አቀረበ፤ ስምንት ሺህ ያህል ቃላትም ፍቺ ሳይጨምርላቸው ዘርዝሮ አሳተመ። በ1596 ኤድመንድ ኩት የተባለው የትምህርት ቤት መምህር በንባብ ማስተማሪያው መጨረሻ ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ከባድ ቃላትን ከአጭር ፍቺ ጋራ ጨመረ። ሥራውን ግን በሙሉ መጽሐፍ መልክ የፈጸመው፣ አስቀድሜ የጠቀስሁት ቄስ፣ ሮበርት ኮድሪ ነው።

ኮድሪ በወጣትነቱ በኦክሃም የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ በ1571 ራትላንድ በምትባለው አነስተኛ አውራጃ የሳውዝ ላፈናም ደብር ተሾመ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሮማ ልማድ ፈጽማ እንድትነጻ ከሚሹት ወገን ስለ ነበረ፣ በመንግሥት የታዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ በስብከቱ ላይ ነቀፈ ተብሎ በ1580ዎቹ ከሹመቱ ተሻረ፤ እስከ ንግሥቲቱ ችሎት ተሟግቶ በ1591 ተረታ፤ የእርሱም ነገር ዘውዱ በቤተ ክርስቲያን ላይ ስላለው ሥልጣን በእንግሊዝ የሕግ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ፍርድ ሆኖ ቀረ። ደብር ያጣ ሰው እንጀራውን በማስተማር መፈለጉ አይቀርምና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በእርጅናው፣ በለንደን መምህር በነበረው በልጁ በቶማስ ረዳትነት መዝገቡን ለማተሚያ ቤት አበቃው።

መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ቃላት ብቻ ይዞአል። የአብዛኞቹ ፍቺ ከአንድ ወይም ከሁለት የታወቁ ቃላት አይበልጥም፤ አዞን «አውሬ» ብሎ ከማለፍ በቀር ሌላ አይጨምርበትም። ከፈረንሳይኛ በመጣው ቃል ፊት አንድ ምልክት፣ ከጽርዕ በመጣው አጠገብ ሌላ ምልክት አኑሮ፣ አንባቢው ከፍቺው ጋራ የቃሉን ዘር እንዲያውቅ ረድቶአል። በመግቢያው ላይ ደግሞ፣ መዝገቡን ለመጠቀም የሚሻ ሰው አስቀድሞ የፊደልን ተራ ያለ መጽሐፍ በቃሉ እንዲያውቅ፣ የሚፈልገው ቃል በመጀመሪያው ፊደል ቢጀምር ወደ መጽሐፉ ራስ፣ በመጨረሻዎቹ ፊደላት ቢጀምር ወደ መጽሐፉ ግርጌ እንዲሄድ በትዕግሥት ያስተምራል። እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነገር በዚያ ዘመን ትምህርት የሚያሻው አዲስ ጥበብ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የመጽሐፉ አርእስት ገጽ ነው። ኮድሪ ይህን የሰበሰበው ለወይዛዝርትና ለእመቤቶች፣ እንዲሁም ትምህርት ለጐደላቸው ሰዎች ሁሉ ጥቅም እንደ ሆነ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በስብከትና በሌላም ስፍራ የሚሰሙትን ከባድ ቃል እንዲያስተውሉና ራሳቸውም በአግባቡ እንዲናገሩበት መሆኑን በዚያ ገልጦአል፤ መታሰቢያነቱንም ለአምስት ክቡራት እህትማማቾች ሰጠ። በዚያ ዘመን የላቲን ትምህርት ቤት በር ለሴት ልጅ የተዘጋ ነበር፤ ላቲን የማታውቅ ሴት ደግሞ የገዛ ቋንቋዋን ግማሽ ማንበብ አትችልም ማለት ነው። ወንድሞቿ በብዙ ዓመት ድካምና በመምህር በትር የሚያገኙትን ቍልፍ፣ ይህ የተሻረ ቄስ በትንሽ መጽሐፍ ለእርሷ ለማቀበል ደከመ። ቃላቱን አብዛኞቹን ከኩት ዝርዝርና ቶማስ ቶማስ ከተባለው ሰው የላቲን መዝገብ እንደ ወሰደ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ይህን እንደ ነውር አልቈጥርበትም፤ ለሊቅ የተጻፈውን ላልተማረ ማውረድ ራሱ ታላቅ ሥራ ነውና። መጽሐፉ አራት ጊዜ ያህል ታትሞ ተረሳ፤ ከመጀመሪያው እትም ዛሬ የሚታወቀው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም በኦክስፎርድ በቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት መዝጋቢዎች ቃላቱን አበዙ፤ ዓላማውም ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሐኪሙ ጆን ቡሎካር በ1616 የራሱን አሳተመ። በ1623 ሄንሪ ኮክረም የእንግሊዝኛ መጽሐፉን «ዲክሽነሪ» ብሎ ሲሰይም፣ ከባዱን ቃል በቀላሉ መፍታት ብቻ አልበቃውምና፣ በሁለተኛው ክፍል ቀላሉን ቃል ወደ ከባዱ የሚመልስ ዝርዝር ጨመረበት፤ ተራ ንግግር የሚያሳፍረው ሰው ከዚያ እየመረጠ ንግግሩን እንዲያስጌጥ ማለት ነው። ከላቲን መዝገብ እየገለበጠ ማንም ተናግሮአቸው የማያውቅ ቃላት አስገብቶአል፤ ከእነዚህም አንዱ እንደ ከብት ጠባቂ መጮኽን ለማመልከት የተበጀ ነው። የኮድሪ መጽሐፍ ሰሚውን ሲያገለግል የኮክረም ሁለተኛ ክፍል ተናጋሪውን ለማስከበር ተሠራ፤ ከባድ ቃል የክብር ልብስ ሆኖ መቈጠር የጀመረው ከዚህ አካባቢ ይመስለኛል፤ ይህም አሳብ እስከ ዛሬ ተማሪዎችን እያሳተ ይገኛል። ሕግ ዐዋቂው ቶማስ ብለንት በ1656 አሥራ አንድ ሺህ ያህል ቃላት ከነምንጫቸው መዘገበ፤ የታላቁ ባለቅኔ የሚልተን እኅት ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ በ1658 ከዚያ ብዙ ወስዶ ሌላ መዝገብ ቢያወጣ፣ ብለንት ስሕተቱንና ቅጂውን ለይቶ የሚያጋልጥ መጽሐፍ በ1673 አሳተመበት። ተራውን የዕለት ቃል ከረቂቁ ጋራ አንድነት የመዘገበ ሥራ የመጣው በ1702 ነው፤ ይህም የጆን ከርዚ ነው ይባላል። እንግዲህ እንግሊዞች «እናት»ንና «ውሃ»ን ለመመዝገብ ከኮድሪ በኋላ ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቈዩ።

ከዚህ በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን መጣ። በ1746 የለንደን መጽሐፍ ሻጮች በ1,500 ጊኒ ተዋውለውት፣ በጎፍ አደባባይ በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ስድስት ገልባጮች አስቀምጦ፣ ከእነርሱም አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት ደከመ። አሠራሩ እንዲህ ነበረ፤ የታላላቅ ደራስያንን መጻሕፍት እያነበበ የሚሻውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበታል፤ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል፤ ገልባጮቹም ዐረፍተ ነገሩን በየቁራጭ ወረቀቱ ላይ አውጥተው በፊደል ተራ ያኖሩታል። ሚስቱ በ1752 ሞታበት፣ በሐዘንና በድህነት መካከል ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በኤፕሪል 1755 ሁለቱን ታላላቅ ጥራዞች አወጣ። በውስጣቸው ከአርባ ሁለት ሺህ በላይ ቃላትና ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የደራስያን ጥቅሶች ይገኙባቸዋል።

የጆንሰን ትልቁ ስጦታ ጥቅሱ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ተማሪ ከባዱን ቃልና ቀላሉን ፍቺ ጎን ለጎን እያየ አንዱ በሌላው ምትክ የሚቆም ይመስለው ነበር፤ በጆንሰን መዝገብ ግን ቃሉ በሊቅ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ያየዋል፤ የት እንደሚስማማና የት እንደማይስማማ ከዚያ ይማራል። ፍቺ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ጆንሰን ራሱ ዐውቆታል፤ መረብ የመሰለ ሥራን የሚያመለክተውን ቃል ሊፈታ ሲነሣ ከመረብ ስም ይልቅ የከበዱ ቃላት ደርድሮ የሰጠው ፍቺ እስከ ዛሬ ይጠቀስበታል፤ በመቅድሙም ላይ ቀላል ቃልን ከእርሱ በቀለለ ቃል መፍታት የማይቻልበት ጊዜ መኖሩን አስረድቶአል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰው የምናስታውስበት ሌላም ምክንያት አለን። ጆንሰን መዝገቡን ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ በ1735፣ መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የኖረው የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ነበረ፤ ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1759 ደግሞ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመክፈል በጥቂት ቀናት የጻፈው ልብ ወለድ፣ «ራሴላስ»፣ በተራራ ተከቦ የሚኖርን የኢትዮጵያ ልዑል የሚተርክ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተርጕመውታልና፣ ታላቁ የእንግሊዝኛ ቃላት መዝጋቢ በአማርኛም ተነቦአል።

ከጆንሰን በኋላ ያለውን ሥራ፣ በ1884 መታተም ጀምሮ በ1928 የተፈጸመውን የኦክስፎርድን ታላቅ መዝገብ ጭምር፣ በዚህ አልዘረዝርም፤ ስለ ተማሪው ግን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ1926 የተጀመረው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ኤስኤቲ የሚባለው፣ ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃል በመጠየቅ የተማሪውን አእምሮ ሊመዝን ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ የከባድ ቃላት ዝርዝር በየካርዱ ላይ እየተጻፈ እንደ ዳዊት የሚደገም ሆነ። በ1945 ዊልፍሬድ ፈንክ በሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት ላይ የቃል ፈተና በየወሩ ማውጣት ጀመረ፤ በ1949 ኖርማን ሉዊስ ቃላቱን በላቲንና በጽርዕ ሥሮቻቸው ከፋፍሎ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ይህ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ አንዱን ሥር ያወቀ ሰው ዐሥር ቅርንጫፍ ለመለየት አይቸገርምና። ፈታኞቹም ቈይተው የብቻ ቃል መጠየቅ ደካማነቱን ተረዱ መሰለኝ፣ የተቃራኒ ቃሉን ጥያቄ በ1994፣ የማነጻጸሪያውን በ2005 አስቀርተው፣ በ2016 ቃሉን በንባብ ውስጥ ብቻ የሚጠይቅ ፈተና አወጡ። ጆንሰን በሰገነቱ ላይ የጀመረውን ነገር ዘግይተው ተቀበሉት።

በአገራችን የእንግሊዝኛ ቃል ጥናት በመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቢሆንም፣ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የበላይነቱን የያዘው ፈረንሳይኛ ነበረ፤ ከ1941 ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ የከፍተኛው ትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጄኔራል ዊንጌት፣ በ1950 በተከፈተው በዩኒቬርሲቲ ኮሌጅ የተማረው ትውልድ ሒሳቡንም ታሪኩንም በዚሁ ቋንቋ ሊማር ግድ ሆነበት። እንግዲህ ኮድሪ ያሰበላቸው ሰዎች ችግር በእኛ ልጆች ላይ እጥፍ ሆኖ ደረሰ፤ ቀላሉም ከባዱም የእንግሊዝኛ ቃል እኩል ባዕድ ነበረባቸውና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ልጅ ግን ሌላው በሚፈራው ስፍራ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ሲኖዶስንና ኤጲስ ቆጶስን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ሰው ከጽርዕ የተወረሱትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ዘመድ ይቀበላቸዋል፤ ኮድሪ በመጀመሪያው ገጽ «አባት» ብሎ የፈታው «አባ» ደግሞ ለእኛ ፈቺ አያሻውም።

ስለ መዝገቡ የሆነ እንደ ሆነ፣ የጀርመኑ ሚስዮናዊ ካርል ኢዘንበርግ በ1841 በለንደን ያሳተመው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አማርኛን ለሚማር አውሮፓዊ የተዘጋጀ ነበረ፤ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ከእንግሊዝኛው ተነሥቶ ወደ ቋንቋው የሚመለስበት፣ ለእርሱ የታሰበ መጽሐፍ ለማግኘት ብዙ ዘመን ጠበቀ። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ ፒ ሞስባክ ጋራ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቬርሲቲ ፕሬስ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ የመለሱበት መዝገብ በጀርመን አገር ወጣ። የሌስላው ጥራዝ ከባድና ውድ ስለ ሆነ በሊቃውንት ቤትና በቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ፣ የእነ ዶክተር አምሳሉ በተማሪው እጅ ገባ፤ እርሳቸውም በ1987 የተገላቢጦሹን፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታውን፣ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል አስከተሉ።